ያልተጻፈው ሁሉ የለም ማለት ነው? የክሮንስ ሕመም የኤምአርአይ ሪፖርት እንዴት ይጻፍ

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ክሮንስ የሚባል የአንጀት ሕመም እንዳለበት ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አምና ኤምአርአይ ተነሣ። ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ቦታ ደገመ። ሁለቱን ወረቀት ይዘን ስንሄድ ሐኪሙ "እነዚህን ማወዳደር አልችልም" አለን። የአምናው ገጽ ተኩል ነው፤ የዘንድሮው አራት መስመር። የአምናው አንጀቱ ጠቧል ይላል፤ የዘንድሮው ጭራሽ አያነሣውም። ታዲያ ጥበቱ ጠፋ ማለት ነው? አንድ ዓይነት ምርመራ ለምን በአንድ ዓይነት መንገድ አይጻፍም? እኛስ ምን ብለን እንጠይቅ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከሁሉ በፊት አንዱን ነገር ላጥራ። የዘንድሮው ሪፖርት ስለ ጥበቱ ዝም ስላለ ብቻ ጥበቱ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ያነበበው ራዲዮሎጂስት (የሕክምና ምስል የሚያነብ ሐኪም) አይቶት፣ «ድሮም የነበረ ነው» ብሎ ሳይጽፈው ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ጥበት አለ ወይ ብሎ ሳይፈልግም ሊያልፈው ይችላል። ወረቀቱን ብቻ ይዞ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሐኪማችሁ «ማወዳደር አልችልም» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ልክ ናቸው። ገምተው መድኃኒት ቢቀይሩ ነበር የሚያሳስበኝ።

እኔ የሆድ ምስል የማነብ ራዲዮሎጂስት ነኝ። የሪፖርት አጻጻፍ ይስተካከል የሚለው ጉዳይ ለብዙ ሰው የወረቀት ሥራ ይመስለዋል። ለኔ የሕክምናው አካል ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ስለ ሕመሙ ትንሽ ማለት አለብኝ።

ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለውን የምግብ መንገድ በሙሉ ሊነካ ይችላል። በብዛት የሚይዘው ግን የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው፤ ከትልቁ አንጀት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ። እ.ኤ.አ. በ1932 በኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ክሮን፣ ጊንዝበርግና ኦፐንሃይመር ሕመሙን ሲገልጹም ያወሩት ስለዚሁ ቦታ ነበር። የቅርብ ዘመዱ አልሰራቲቭ ኮላይተስ በትልቁ አንጀት ላይ፣ በውስጠኛው ሽፋን ይወሰናል። ስለዚህ ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በኩል የሚገባ ካሜራ) አብዛኛውን ያሳያል። ክሮንስ ግን የአንጀቱን ግድግዳ ከውስጥ እስከ ውጭ ዘልቆ ይሄዳል። ካሜራ የሚያየው ደግሞ ውስጡን ብቻ ነው። ከግድግዳው ውጭ የቋጠረ መግል፣ ከአንዱ አንጀት ወደ ሌላው የተበሳ መንገድ (ፊስቱላ የሚባለው)፣ ካሜራው የማይደርስበት የትንሹ አንጀት መሃል፣ እነዚህ ሁሉ የሚታወቁት በኤምአርአይ፣ በሲቲ ስካን ወይም በአልትራሳውንድ ነው።

እንግዲህ ሐኪሙ ከምስሉ የሚፈልገው ብዙ አይደለም። አንጀቱ አሁን ተቆጥቷል ወይ? ጠቧል ወይ? ወደ ውጭ ተበስቷል ወይ? መልሶቹ የተለያየ መንገድ ያስይዛሉ። ተቆጥቶ ብቻ ከሆነ መድኃኒት ይጠናከራል። ጠቦ ከበላዩ ያለው አንጀት ከተወጠረ ከቀዶ ሐኪም ጋር መመካከር ይመጣል። መግል ከቋጠረ መጀመሪያ መግሉ ይታከማል፤ ተለቅ ያለ ከሆነ በመርፌ ወይም በቱቦ ይወጣል፣ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። መከላከያ ኃይልን የሚያፍኑት መድኃኒቶች ከዚያ በኋላ ነው የሚታሰቡት። ለሦስቱም ጥያቄ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ቁርጥ ያለ መልስ ያልሰጠ ሪፖርት፣ አሥር ገጽ ቢሆንም ጎዶሎ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ለማሳያ እኔው የጻፍኩት ነው። አንዱን አንጀት ሁለት ሰው አነበበው እንበል። የመጀመሪያው እንዲህ ጻፈ፦

«የትንሹ አንጀት መጨረሻ ግድግዳ ወፍሮ ይታያል። በዙሪያው መቆጣት አለ። ከክሮንስ ጋር የሚሄድ ነው።»

ስህተት የለበትም። ግን ክሮንስ እንዳለበት እኮ ሐኪሙ ድሮም ያውቃል! ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ጻፈ፦

«ትንሹ አንጀት ከትልቁ ከሚገናኝበት ቫልቭ ጀምሮ ወደ ላይ 18 ሴንቲ ሜትር ተይዟል። የግድግዳው ከፍተኛ ውፍረት 7 ሚሊ ሜትር ነው። ግድግዳው ውስጥ ውሃ አለ፤ ቁስለትም ይታያል። በዚህ ውስጥ 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጥበት አለ። ከጥበቱ በላይ ያለው አንጀት 3.6 ሴንቲ ሜትር ድረስ ተለጥጧል። ፊስቱላ የለም። መግል የለም። ሌላ የተያዘ ቦታ የለም። ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ርዝመቱ ያው ነው፤ መለጠጡ አዲስ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግመው ያንብቧት። ሕክምናውን የምትቀይረው እሷ ናት። ልብ ይበሉ፣ ሦስቱ «የለም»ዎችም መረጃ ናቸው። አንባቢው ፈልጎ እንዳጣ ይነግሩናል። ቋሚ ቅጽ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ነገር ቦታ ስላለው ዝም ብሎ ማለፍ አያስችልም።

ስለዚህ ጉዳይ በደንብ ታስቦበታል። በጡት ምርመራ ሪፖርት የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ ባይራድስ የተባለውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1993 አውጥቷል። ዛሬ «ባይራድስ 4» ከተባለ የትም አገር ያለ ሐኪም ናሙና መወሰድ እንዳለበት ይገባዋል። ክሮንስ በአንድ ቁጥር የሚጠቃለል ሕመም ስላልሆነ እንደዚያ ቀላል አልሆነም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የሆድ ራዲዮሎጂ ማኅበርና የአሜሪካ ጋስትሮኢንተሮሎጂ (የጨጓራና አንጀት ሕክምና) ማኅበር ባለሙያዎች ቁጭ ብለው የጋራ ምክር አወጡ። በአውሮፓም የክሮንስና የኮላይተስ ድርጅቱ ከሆድ ራዲዮሎጂ ማኅበሩ ጋር ሆኖ ተመሳሳይ መመሪያ አለው።

ከአሜሪካኖቹ ምክር ውስጥ ለርስዎ የሚጠቅመውን ላንሣ። በደንብ የተለጠጠ ትንሽ አንጀት ግድግዳው ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከ3 እስከ 5 ቀላል ውፍረት ነው። ከ5 እስከ 9 መካከለኛ። 10 እና ከዚያ በላይ ከባድ። ስለዚህ «ወፍሯል» ብሎ ማቆም የለም፤ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይጻፋል።

ጥበት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእናንተም ጉዳይ እሱ ነውና። አንጀት ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ይጠባል፣ ይሰፋል። አንድ ምስል ላይ ጠቦ የታየ አንጀት በሚቀጥለው ምስል ተከፍቶ ሊታይ ይችላል። ያ በሽታ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ስምምነት መሠረት እርግጠኛ ጥበት የሚባለው መንገዱ ጠቦ ከበላዩ ያለው አንጀት 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ነው። ጠቦ ከበላዩ ካልተለጠጠ፣ ግን በተለያየ ጊዜ በተነሡት ምስሎች ሁሉ ያው ጠባብ ከሆነ፣ ጥበት ሊሆን ይችላል ተብሎ ይጻፋል። የአምናው ሪፖርት «ጠቧል» ሲል የትኛውን ማለቱ ነበር? ቁጥር ከሌለው እሱም ቢሆን አይታወቅም። ገጽ ተኩል ነው ብለው በሱ ብቻ አይተማመኑ።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው «ጥበቱ ጠባሳ ነው ወይስ መቆጣት?» ብሎ ይጠይቃል። መቆጣት ከሆነ መድኃኒት ይሠራል፣ ጠባሳ ከሆነ አይሠራም ከሚል ሐሳብ ነው። እውነታው ግን አብዛኛው ጥበት ሁለቱም አለበት። ኤምአርአይ መቆጣቱን በደንብ ያሳያል፤ የጠባሳውን መጠን ለመለካት ግን ገና አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ «ጥበት አለ፣ የመቆጣት ምልክት አለበት» ወይም «ጥበት አለ፣ የመቆጣት ምልክት አልታየበትም» ብሎ መጻፍ ይበቃል። «ጠባሳ ብቻ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከምስሉ በላይ እየተናገረ ነው።

አንዳንድ ቃልም እንዲቀር ተስማምተዋል። «ፍሌግሞን» የሚለውን ቀዶ ሐኪሙና ራዲዮሎጂስቱ በየራሳቸው መንገድ ይረዱት ስለነበር፣ «በብግነት የመጣ እብጠት» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ ተባለ። መግል አለው ወይስ የለውም የሚለው ደግሞ ለብቻው ይነገራል።

አሁን ብዙ ሪፖርት ላይ ወደሚዘለለው ነገር ልምጣ፤ ምርመራው እንዴት እንደተሠራ። ለአንጀት የሚሠራው ኤምአርአይ ከተራው የሆድ ኤምአርአይ ይለያል። ኢንተሮግራፊ ይባላል። ታካሚው ሳይበላ ይመጣል። ከዚያ ከአንድ ሊትር እስከ ሊትር ተኩል የሚሆን ልዩ ፈሳሽ ቀስ እያለ ይጠጣል። ብዙ ጊዜ ማኒቶል ወይም ፖሊኢትሊን ግላይኮል ያለበት ነው። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። የአንጀቱን እንቅስቃሴ ለማቆም እንደ ቡስኮፓን ያለ መርፌ ይሰጣል። ፈሳሹ አንጀቱን ካልለጠጠው ጤነኛው አንጀት ራሱ ተጨማድዶ ወፍራም ይመስላል። የትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ደግሞ በተፈጥሮው ኮንትራስት (ምስሉን የሚያደምቅ መርፌ) ሲወጋ ደመቅ ይላል፤ ያላወቀ ሰው ተቆጥቷል ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ሪፖርቱ መጀመሪያ ላይ «አንጀቱ በደንብ ተለጥጧል» ወይም «አልተለጠጠም፣ በዚህ ክፍል ላይ እርግጠኛ መሆን አይቻልም» የሚል መስመር ያስፈልጋል። ወንድምዎ ዘንድሮ ያንን ፈሳሽ ጠጥቶ ነበር? ይጠይቁት። ካልጠጣ የዘንድሮው ምርመራ ተራ የሆድ ኤምአርአይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ከመሠረቱ ለማወዳደር ያስቸግራሉ።

ወንድምዎ በፊንጢጣ አካባቢ ፈሳሽ ወይም መግል ካለው ደግሞ ሌላ ምርመራ ነው፤ የዳሌ ኤምአርአይ። ሰው አፍሮ አይናገረውም፤ እባካችሁ ተናገሩ። እዚያ ላይ ሪፖርቱ የፊስቱላውን መነሻ በሰዓት ፊት ነው የሚናገረው። ታካሚው በጀርባው እንደተኛ ሲታይ 12 ከፊት ነው፣ 6 ከኋላ፣ 3 በታካሚው ግራ። የሚነበበው ሰዓቱ ፊት ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አይገለበጥም። መንገዱ የፊንጢጣውን የውጭ ጡንቻ ያቋርጣል ወይስ በውስጠኛውና በውጭው ጡንቻ መካከል ያልፋል፣ ቅርንጫፍ አለው ወይ፣ መግል ይዟል ወይ የሚለውም ይጻፋል። ቀዶ ሐኪሙ በዚህ ላይ ተመርኩዞ ነው የሚቆርጠው። ጡንቻው በስህተት ከተነካ ሰገራ መቆጣጠር ሊያቅት ይችላል። እዚህ ላይ «ፊስቱላ ይታያል» የሚል አንድ መስመር ሪፖርት አደጋ ነው።

አሁን ስለ አገራችን። በውጭ የተዘጋጁት ቅጾች ጥሩ ናቸው፤ የሰሜን አሜሪካ ራዲዮሎጂ ማኅበር በነፃ የሚያቀርባቸውም አሉ። ግን እንዳሉ አምጥቶ ኢትዮጵያ ውስጥ መጠቀምን አልደግፍም። ምክንያቱም የአንጀት ቲቢ ከክሮንስ ጋር በጣም ይመሳሰላል። የሚወዱት ቦታ እንኳን አንድ ነው፤ ያው የትንሹ አንጀት መጨረሻ። ቲቢ በብዛት ባለበት አገር ቅጹ ላይ ስለ ቲቢ የሚጠይቅ መስመር ከሌለ ትልቁ ጥያቄ ተዘሏል። በኔ እምነት እዚህ አገር ለሚጻፍ ሪፖርት እነዚህ ግዴታ መሆን አለባቸው። የሆድ ንፍፊቶች አብጠዋል ወይ? ካበጡ መሃላቸው ሞቶ ዳር ዳሩ ብቻ ይደምቃል ወይ? ይሄ በጠንካራው ወደ ቲቢ ያመለክታል። ሆድ ውስጥ ውሃ አለ ወይ? የሆድ ዕቃ ሽፋኑ ወፍሯል ወይ? ሴኩም (የትልቁ አንጀት መጀመሪያ) ተጨማድዶ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል ወይ? በሌላ በኩል አንጀቱ ረዘም ብሎ፣ በየቦታው እየዘለለ ከተያዘ፣ የደም ሥሮቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረው ከታዩ፣ መቆጣቱም በአንዱ ጎን ከበረታ ወደ ክሮንስ ያደላል። አንዱ ምልክት ብቻውን አይወስንም። ናሙናና የላብራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። የደረት ራጅ ንጹሕ መሆኑም የአንጀት ቲቢ የለም አያሰኝም።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው በመድኃኒቱ ምክንያት ነው። ለክሮንስ የሚሰጡት ስቴሮይድ፣ በተለይም እንደ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ያሉት መርፌዎች፣ ሰውነት ቲቢን አፍኖ የያዘበትን መከላከያ ያፈርሳሉ። ቲቢን ክሮንስ ብሎ እነዚህን መስጠት በሽታውን በሰውነት ሁሉ ሊበትነው ይችላል። ክሮንስን ቲቢ ብሎ ለወራት የቲቢ መድኃኒት መስጠትም ዋጋ አለው፤ አንጀቱ በዚያ መሃል ይጠባል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ይሄ ይመለከታቸዋል። ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ ክሮንስ ከዓመታት ቆይታ በኋላ እየታየ መምጣቱን የእዚያ አገር ሐኪሞች ጽፈዋል። ኢትዮጵያ ተወልዶ ውጭ አገር የሚታከም ሰው የቲቢ ታሪኩን ባይጠየቅም ራሱ ይናገር።

ቅጽ ሁሉን ይፈታል እያልኩ አይደለም። መጥፎ ቅጽ ከነፃ ጽሑፍ የባሰ ሊሆን ይችላል። በጣም የምፈራው አስቀድሞ «ጤነኛ ነው» ተብሎ ተሞልቶ የሚቀርበውን ነው። አንባቢው የተለየ ነገር ሲያይ ብቻ ይቀይረዋል፤ ካልቀየረው «ፊስቱላ የለም» የሚለው ማንም ሳይፈልገው ተፈርሞ ይወጣል። ያኔ «የለም» የሚለው ቃል ራሱ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ቦታዎቹ ባዶ ይሁኑ፤ ሰው ይሙላቸው። ሁለተኛው ችግር ርዝመት ነው። ሠላሳ መስመር ተሞልቶ ዋናው ነገር መሃል ላይ ከተቀበረ ሐኪሙ አያገኘውም። መጨረሻ ላይ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር በሰው አንደበት የተጻፈ ማጠቃለያ የግድ ነው። እዚያ ላይ ማሰብ ያለበት ራዲዮሎጂስቱ ነው፤ ቅጹ አያስብለትም።

የመቆጣቱን ክብደት በነጥብ የሚለኩ ስሌቶችም አሉ። የባርሴሎና ሐኪሞች ማሪያ የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2009 አወጡ። ስሌቱ ጊዜ ስለሚወስድ በኋላ ቀለል አደረጉት። ግድግዳው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ 1፣ ውሃ ከቋጠረ 1፣ በዙሪያው ያለው ስብ ከተቆጣ 1፣ ቁስለት ካለ 2። አንድ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ የአንጀት ክፍል መቆጣት አለበት፤ 2 እና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። መድኃኒት መሥራቱን ለመከታተል ጥሩ ነው። ግን ስለ ጥበትና ስለ መግል አይናገርም። ቁጥሩን ብቻ መጻፍ አይበቃም።

የጎደለው ሪፖርት ሁሉ የራዲዮሎጂስቱ ጥፋት ነው ብዬም አላስብም። ብዙ ጊዜ የሚደርሰን የምርመራ መጠየቂያ ወረቀት «የሆድ ሕመም» ብቻ ይላል። ክሮንስ እንዳለበት፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት ላይ እንዳለ፣ አሁን የተፈለገው ምን እንደሆነ አይጽፍም። ያልተጠየቀ ጥያቄ በደንብ አይመለስም። የሪፖርቱ አጻጻፍ ይስተካከል ስንል የመጠየቂያው ወረቀትም አብሮ መስተካከል አለበት።

እንግዲህ እናንተ ምን አድርጉ? መጀመሪያ የሁለቱንም ምርመራ ሲዲ አግኙ። ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ምስሉ ካለ ግን የጎደለው ሁሉ እንደገና ሊነበብ ይችላል። ሲዲ በጭራሽ አይጣልም። ከዚያ ሁለቱን ሲዲ ለአንድ ራዲዮሎጂስት፣ ቢቻል የሆድ ምስል ላይ ለሚያተኩር፣ አንድ ላይ ስጡት። ዘንድሮ ያነበበውን ማእከልም ተጨማሪ ማብራሪያ እንዲጽፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይሄ መብታችሁ ነው፤ ማንም ሊቀየማችሁ አይገባም። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት፦ የተያዘው ርዝመት ስንት ነው፣ ውፍረቱ ስንት ነው፣ ጥበት አለ ወይ፣ ከበላዩ ያለው አንጀት ስንት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ፊስቱላና መግል አለ ወይ፣ ንፍፊቶቹ እንዴት ናቸው፣ ከአምናው ምን ተቀየረ። ሁለቱ ምርመራዎች በትክክል ከተሠሩ ሦስተኛ ኤምአርአይ መክፈል ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ለወደፊቱ ደግሞ ቢቻል አንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ተከታተሉ። ወንድምዎ ወጣት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይመረመራል። ሲቲ ስካን ጨረር ስላለው ለድንገተኛ ይቀመጥ። በአንጀት አልትራሳውንድ የሠለጠነ ሰው ካገኛችሁ በየጊዜው ለመከታተል በጣም ጥሩ ነው። ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም፤ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ውፍረት እዚያም ያሳስባል።

አንድ ነገር ግን ሪፖርት አይጠብቅም። ሆዱ ከተነፋ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ፈስና ሰገራ ከቆመበት፣ ወይም ትኩሳት ከሆድ ሕመም ጋር ከመጣበት ሲዲውን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እዚያ ለሚቀበላችሁ ሐኪም ክሮንስ እንዳለበት፣ አምና ጥበት ተብሎ እንደነበረና አሁን የሚወስደውን መድኃኒት ከነስሙ ንገሩት።